ሃኮዳቴን ፍለጋ በጅቡቲ

ያን ቀን ጠዋት ሃኮዳቴ የሰው ስም ይሁን የመርከብ፣ የሆቴል ይሁን የአገር አላውቅም ነበር። እኩለ ቀን ሳይሞላ ግን ታክሲ ነጂውን፣ የሆቴል ዘበኛውን ሁሉ ስጠይቅበት ነበር። እናንተም መጀመሪያ ላይ ግራ ቢገባችሁ አትፍረዱብኝ። ግራ እንደገባኝ ነው የማወራችሁ።

ያኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ጅቡቲ፣ ካርቲዬ 2 የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ገና በጎረምሳነቱ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኖ መጥቶ እዚያው ቀረ። ድሮ የባቡር ሠራተኛ «ሙሴ» ይባል ስለነበር፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰፈሩ ሙሴ በላቸው እያለ ነው የሚጠራው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። እኔ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሊያገባኝ የሚጠብቀኝ ሰው ነበረ። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ድሬዳዋ ትዳር ይዞ ከባድ መኪና ይነዳል።

ባቡሩ ከቆመ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። አባዬ ግን በየማለዳው ቆቡን አድርጎ ወደ ለገሃር ይሄዳል። አሮጌው ጣቢያ በር አጠገብ ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እስክትበረታ ይቆያል። ምን እንደሚያይ እኔ አይገባኝም ነበር። የተዘጋ በርና የዛገ ሐዲድ ነው ያለው።

ከዳዊት ጋር ስንመካከር ከርመን አባዬ ወደ ድሬዳዋ እንዲሄድ ወሰንን። እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፣ እሱ ብቻውን ነው፣ ሙቀቱ ይጎዳዋል። እዚያ የልጅ ልጆች አሉ፣ የዘመድ ቤት አለ፣ የተወለደበት ምድር ነው። ሐሳባችን ምንም እንከን አልነበረበትም። አባዬን ስንጠይቀው «እንዳላችሁ» አለን። ሻንጣውን አዘጋጀሁ። ዳዊት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ፔካ 12፣ መኪናውን አቁሞ ጭነት እያራገፈ ነበር፤ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ይዞት ሊሄድ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ፋርማሲው ዝግ ነው። አባዬን ለምሳ ልጠራው ለገሃር ስደርስ ወንበሩ ላይ ብቻውን አልነበረም። አጠገቡ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ተቀምጧል። ነጭ ኮፍያ፣ በደንብ የተተኮሰ ሱሪ፣ በዚያ ሐሩር እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሸሚዝ። ሁለቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ሐዲዱ ያያሉ። የቆዩ ወዳጆች ይመስሉ ነበር።

«አባዬ፣ እንሂድ፤ ዳዊት ለምሳ ይመጣል» አልኩት።

«ይሄን እንግዳ ሳናደርስ?»

«ማነው እሱ?»

«እኔ ምኑን አውቄው። ስመጣ እዚህ ቆሞ አገኘሁት። ሰዓቱን ያያል፣ ሐዲዱን ያያል። ባቡር የለም አልኩት፤ በፈረንሳይኛ ነገርኩት፣ በአማርኛ ነገርኩት፣ በሶማሊኛም ነገርኩት። ወንበሩን ሳሳየው ተቀመጠ።»

«ቻይናዊ ነው?»

«ሃኮዳቴ ነው የሚለው። ስሙ ይሆናል።»

ሽማግሌው ይህን ቃል ሲሰማ ብድግ አለ። ኮፍያውን አውልቆ ለአባዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው፣ ለእኔም እንደዚያው አደረገ፤ ከዚያ ወደ ከተማው አቅጣጫ መራመድ ጀመረ።

«ተከተይው እንጂ» አለኝ አባዬ። «መንገደኛ ከለገሃር ወጥቶ ሲጠፋ ቆሞ ማየት ነውር ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ ቤቴን አውቀዋለሁ።»

በዚህ ሁኔታ ነው የማላውቀውን ሰው ተከትዬ የወጣሁት። ጥቂት አድርሼው፣ ሆቴሉን አሳይቼው የምመለስ ነበር የመሰለኝ።

ግራ ያጋባኝ መጀመሪያ አካሄዱ ነው። የጠፋ ሰው ይቆማል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ይጠይቃል። እሱ ግን የሚያውቀው መንገድ ላይ እንዳለ ሰው ነበር የሚሄደው። ባሕሩን በቀኙ አድርጎ፣ ዐይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ከቤቶቹ ጣራ በላይ አንድ ትልቅ ነገር እንደሚፈልግ እያየ ይራመዳል። መታጠፊያ በሌለበት ሊታጠፍ ይሞክርና ግድግዳ ሲያጋጥመው ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ ይመለሳል። በእንግሊዝኛ «ወዴት ነው?» አልኩት፤ እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ነው። የእሱም ከኔ አይሻልም። ጣቱን ወደ ራሱ ቀስሮ «ጃፓን» አለኝ። «ሃኮዳቴ» አለኝ። «ሆም» አለኝ። ቤቴ ማለቱ ነው። «ዋይፍ» አለና ሰዓቱን አሳየኝ፤ ሚስቱ እየጠበቀችው ነው።

እንግዲያው ሃኮዳቴ የሚስቱ ስም ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ሰፊ መንገድ መሐል ሲደርስ ቆመ። መኪና ግራና ቀኝ እየጮኸበት ነው። እሱ አስፋልቱን እያየ የሆነ ነገር ይጠብቃል። ታክሲ የፈለገ መስሎኝ አንዱን አስቆምኩ። በሩን ከፍቼ «ግባ» ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ በጣቱ መሬቱ ላይ ሁለት ረጃጅም መስመር አስምሮ አሳየኝ። ታክሲ ነጂው ሳቀ።

«ምን ይላል ሰውዬሽ?» አለኝ በሶማሊኛ።

«ሃኮዳቴ ይላል። ታውቃለህ?»

«ሃኮዳቴ...» አሰበ። «መርከብ ነው። ወደቡ ላይ እንዲህ የሚል ነገር ተጽፎ ያየሁ ይመስለኛል። ባሕርተኛ ነው፤ መርከቡ እንዳይሄድበት ቶሎ አድርሺው።»

ሌላ ግራ መጋባት። ሚስት የነበረችው መርከብ ሆነች። አንድ ሆቴል በር ላይ ዘበኛውን ብጠይቀው ደግሞ እንዲህ የሚባል ሆቴል ድሮ ነበረ፣ ፈርሷል አለኝ። ሰው አላውቅም ከማለት ይልቅ የመሰለውን ይነግራል። እኔም የነገሩኝን ሁሉ አመንኩ።

ስልኬ ጮኸ። ዳዊት ነው። «የት ነሽ? አባዬ ብቻውን ገባ። አንድ ቻይና የሚመስል ሰው ተከትላ ሄደች ይለኛል፤ ምን እያለ ነው?» አለኝ።

«እመጣለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ምን ብዬ ላስረዳው?

ወደ ባሕሩ ዳር ስንወጣ ሽማግሌው እንደገና ቆመ። ሰማዩ ጥርት ካለ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የታጁራ ተራሮች እንደ ጭስ ሆነው ይታያሉ። እነሱን ሲያይ ፊቱ መጀመሪያ በራ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠቆረ። ፊት ለፊታችን ያለውን ሜዳ ከተማ አየ፤ ከዚያ ውሃውን ተሻግረው ያሉትን ተራሮች አየ። «ማውንቴን» አለኝ፤ እጁን ከዚህ ወደዚያ እየወሰደ። ተራራው ሄዷል ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። እንዴት ነው ተራራ የሚሄደው?

በዚያው ሰዓት ወደብ ውስጥ አንድ መርከብ ረጅም ጡሩምባ ነፋ። ሽማግሌው ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ሦስት ጣቱን ገጥሞ አማተበ።

ደነገጥኩ። ጃፓን የምናውቃት በመኪናዋ ነው። የሚያማትብ ጃፓናዊ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ያውም አስተማተቡ እንደኛ አይደለም፤ ግንባሩን፣ ሆዱን፣ ከዚያ ቀኝ ትከሻውን አስቀድሞ ወደ ግራ ይሄዳል። ከመስተዋት ውስጥ የሚታይ ሰው ይመስል ነበር። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አብሬው አማተብኩ። አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ። «ቸርች» አለኝና ክንዴን ያዘ።

ቤተ ክርስቲያን። ይሄ እንኳ ገባኝ። ግን ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፤ የጁምዓ ሶላት ደርሶ ሱቁ ሁሉ እየተዘጋ፣ መንገዱ ባዶ እየሆነ ነው። ወደ መሐል ከተማ ስንመለስ እርምጃው አጠረ። ላቡ ጠፋ፤ ፋርማሲ ስለምሠራ ላብ ሲጠፋ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዚያ አንድ ግድግዳ ሥር ዝርጥጥ ብሎ ተቀመጠ። ላነሳው ብሞክር በፍርሃት እጄን ገፈተረኝ። የማያውቀኝ ሆነ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጫት ሻጭ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ጫት እየጠበቀች ባዶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ፋዱማ ትባላለች፤ ኋላ ነው ስሟን ያወቅኩት። ጮኼ ሳልጠራት ጫቱን የምታርስበትን ባልዲ ይዛ መጣች።

«አባትሽ ነው?» አለችኝ።

«አላውቀውም።»

«የማታውቂውን ነው እንዲህ የምታለቅሺለት?»

ማልቀሴን ያወቅኩት ስትነግረኝ ነው። እርጥብ ጆንያዋን ራሱ ላይ ጣል አደረገችለት፣ እኔ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት። አየር እንዲያገኝ የሸሚዙን ቁልፍ ስፈታ ከኮሌታው ውስጥ የተሰፋ ነጭ ጨርቅ አየሁ። የማላነበው ጽሕፈት፣ ከሥሩ የጅቡቲ ስልክ ቁጥር። ስደውል አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ፋዱማ እያየችኝ ነው። ሦስተኛው ላይ አንድ ወንድ እያለከለከ አነሳ፤ ጥንቃቄ የበዛበት ፈረንሳይኛ ይናገራል።

«አባቴ ነው» አለኝ። «ጠዋት ከቤት ወጥቶ ነው። ፔካ 12 ድረስ ወጥቼ እየፈለግሁት ነው። በሕይወት አለ?»

«አለ። ፀሐይ መትቶታል፣ ግን ውሃ እየጠጣ ነው።»

የሚያለቅስ መሰለኝ። «ወዴት እየሄድኩ ነው ይላል?»

«ቤተ ክርስቲያን ይላል። ሃኮዳቴ ይላል። ሃኮዳቴ ማነው?»

«እመቤት፣ እባክሽ በግድ አታስቁሚው፤ ከታገሉት ይበረግጋል። በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ካለ፣ የማንም ይሁን፣ እዚያ አስገቢው። እዚያ ይረጋጋል። እኔ እመጣለሁ።»

ታክሲው እስኪመጣ ፋዱማ ራሱን በጆንያዋ ስታርስለት ቆየች። ታክሲው ውስጥ «ቸርች» ስለው እንደ ልጅ እሺ ብሎ ገባ። ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ዘበኛው ጋሽ መኮንን ሊከለክለኝ ተነሣ።

«ቱሪስት በዚህ ሰዓት አይገባም» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ማንም አልነገረውም። ሁለቱን ጫማ አጋጥሞ አፋቸውን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጣቸው። ከዚያ በዚያ በተቃራኒው አስተማተብ አማተበና ገባ። ጋሽ መኮንን እኔን አየኝ፣ ጫማዎቹን አየ። «ከወዴት የመጣ ክርስቲያን ነው ይሄ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ያን ቀን አላውቅም ያላልኩት ነገር አልነበረም።

ሽማግሌው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ተቀመጠ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበትን ሥዕል እያየ በለሆሳስ የሆነ ነገር ይደግማል። ትንፋሹ ተስተካከለ። ማራገቢያው ይዞራል። እኔ አጠገቡ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ቀን ያረፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልጁ ኬንጂ ይባላል። የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ አቧራ የለበሰ ሰው። ሲገባ ወደ አባቱ አልሮጠም፣ አልተቆጣውም። ከጎኑ ቀስ ብሎ ተንበርክኮ አንድ ነገር ጠየቀው። ሽማግሌው መለሰለት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ምን አለህ?» አልኩት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ሆነን።

«እናቴ ገበያ ሄዳ ነው፣ እዚሁ እንጠብቃት አለኝ። እናቴ ካለፈች ሦስት ዓመቷ ነው።»

«ሃኮዳቴስ?»

«ከተማችን ነው።» ጣቱን ነክሮ የበረንዳው ሲሚንቶ ላይ በውሃ ሳለልኝ። ቀጭን የመሬት አንገት፣ በግራና በቀኝ ባሕር፣ ጫፉ ላይ ተራራ። ተራራው የተኛች ላም ስለሚመስል በላም ስም ይጠሩታል። ከለገሃሩ ወጥተሽ ባሕሩን በቀኝሽ ይዘሽ ወደ ተራራው ትሄጃለሽ፤ ቁልቁለት መንገዶች ከተራራው ወገብ ወደ ወደቡ ይወርዳሉ፤ የእነሱ ቤት በአንዱ ላይ ነው። ከተማዋ ጃፓን በሯን ለውጭ መርከብ ስትከፍት መጀመሪያ ከተከፈቱት ወደቦች አንዷ ናት። ሩሲያውያን መጥተው ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ የአባቱ አያት እዚያ ተጠመቀ። ከተማዋ በእሳት ደጋግማ ተቃጥላለች፤ እሳት እንዳይሻገር ብለው አንዳንዱን መንገድ እጅግ ሰፊ አደረጉት፤ መሐሉ ላይ በሐዲድ የሚሄድ ትራም አለ።

«አባቴ ባቡር በሆዱ የሚጭን መርከብ ላይ ነው የሠራው» አለኝ። «ከደሴት ወደ ደሴት ባቡሩን ያሻግሩ ነበር። ወጣት ሳለ አንዱ መርከብ በማዕበል ሰጥሞ ብዙ ባልደረቦቹ አልቀዋል፤ ጡሩምባ ሲሰማ የሚያማትበው ለእነሱ ነው። በኋላ ከባሕሩ በታች ዋሻ ተቆፈረ፣ ባቡሩ በዋሻው መሄድ ጀመረ፣ መርከቡ ቆመ።»

ውሃው በሙቀቱ ደረቀ፤ ከተማይቱ ከሲሚንቶው ላይ ጠፋች።

«ለምንድነው ወደዚህ ያመጣኸው?» አልኩት። ለመውቀስ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

«ብቻውን ሆነ። ያለው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሥራዬ እዚህ ነው። ትክክል የመሰለኝ ይሄ ነው።» አባቱን በበሩ በኩል አየው። «እዚያ ሳለ የሰው ስም ይረሳ ነበር፣ የእኔን ስም እንኳ። ግን ጠፍቶ አያውቅም። እግሩ ያውቀው ነበር፤ ከየትም ቢነሣ እግሩ ወደ ቤት ይወስደው ነበር። እዚህ እግሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ባሕርና ለገሃር ሲያገኝ የቀረውን ከተማ ከራሱ አመጣው።»

የታየኝ አባዬ ነው። በማለዳ ቆቡን አድርጎ ሲወጣ፣ ሰላም የሚሉት ሰዎች፣ የሚያርፍበት ጥላ፣ መታጠፊያው። ሻንጣው በር አጠገብ ቆሟል።

ቤት ስገባ ዳዊት ተቆጥቶ ነበር የጠበቀኝ።

«ሰውየውን አደረሽው?» ያለኝ ግን አባዬ ነው፣ ከውስጥ።

«ልጁ መጥቶ ወሰደው አባዬ።»

«ይመስገን።»

ዳዊትን ጓሮ ይዤው ወጣሁና «አባዬ አይሄድም» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው? ክፍሉን ቀለም አስቀብቻለሁ። ልጆቹ አያታችን ሊመጣ ነው ብለው እየጠበቁ ነው። አንቺ ሥራ ስትውዪ ማን ያየዋል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ዳዊት፣ አባዬ ድሬዳዋን ለቆ የወጣው ጢሙ ሳይበቅል ነው። የሱ ሰፈር ዛሬ የለም። የሚያውቀው ሰው የለም። ነገ ማስታወስ ቢያቅተው እዚያ እግሩ ወዴት ይወስደዋል?»

«ስለ እግር ምንድነው የምታወሪው?» አለኝ ወንድሜ። እውነቱን ነው፤ የሰማውም ያየውም ነገር የለም። ጃፓናዊውን ስነግረው ጭራሽ ፀሐይ የመታኝ እኔ መሰልኩት። በመጨረሻ «እሱን እንጠይቀው፤ የሱ ነገር ነው» አለ።

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዳዊት «የት ትመርጣለህ? እንዳላችሁ እንዳትለን» አለው።

አባዬ ቆቡን አነሣ። «እኔ ዕድሜዬን ሰው ሳሳፍር ነው የኖርኩት» አለ። «ራሴ መሳፈሩን አላውቅበትም። ተዉኝ።»

ዳዊት በነጋታው ብቻውን ሄደ። ብዙ ወር ሳያናግረኝ ቆየ። እኔ የማለዳ ሥራዬን ለውጬ የከሰዓት ብቻ አደረግኩት፤ ሊያገባኝ አዲስ አበባ ይጠብቀኝ ለነበረው ሰውም እንደማልመጣ ነገርኩት። ሕይወቴን የለወጠው ያ ዓርብ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ኬንጂ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራውን ለቆ አባቱን ወደ ሃኮዳቴ መለሰው። ከመሄዳቸው በፊት ይዞት መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በረንዳችን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ በጃፓንኛ ያወራል፣ አንዱ በአማርኛ ይመልሳል። ስለ ምን እንደሆነ አንዳችንም አልገባንም። ሁለቱ ግን የተግባቡ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ በስልክ ስንነጋገር ኬንጂ አንድ ነገር ነገረኝ። አገሩ ሲገባ አባቱ ተራራውን ቆሞ አየው፣ ባሕሩን አየ፣ ከዚያ «እዚህ አይደለም» አለ። ብዙ ቀን እንደዚያ ሲል ከርሞ ነው እግሩ መንገዱን ያገኘው። «ትክክል ማድረጌን አላውቅም» አለኝ። «እኔም» አልኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ያረጀ አባት ወይም እናት ይኖራችኋል። የት ይኑሩ የሚለው ጥያቄ ደርሶባችሁ ይሆናል፣ ወይም ይደርሳል። እኔ መልስ ይዤላችሁ አልመጣሁም። ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውን ከማዛወራችን በፊት እሱ በውስጡ ይዞት የሚዞረው አገር የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ መልስ አያገኝም።

አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ናጋድ ጣቢያ መግባት በጀመረበት ጊዜ አካባቢ አባዬም መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ቀን። ጅቡቲ ላይ ግን ጠፍቶ አያውቅም። እኔም ልክ ነበርኩ ማለት ጀምሬ ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እጄን ያዘና «ቤቴ ውሰጂኝ» አለኝ። ቤታችን ውስጥ ሆነን።

ድሬዳዋን ማለቱ መሰለኝ። «የት ነው ቤትህ አባዬ? ንገረኝና እወስድሃለሁ» አልኩት።

ዐይኑን ጨፍኖ መራኝ። ከለገሃር ወጥተሽ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ትሄጃለሽ። የእናቱ በር ሰማያዊ ነው። ደቻቱን፣ ያንን የድሬዳዋ አሸዋማ ወንዝ፣ ትሻገሪያለሽ። ወንዙን እንደተሻገርሽ ባሕሩ አለ። መርከቦቹ ይታያሉ። እናትሽ ልብስ ታሰጣለች፤ እሷን ጠይቂያት፣ ታሳይሻለች።

ባሕር ያላት ድሬዳዋ። እናቱም እናቴም በአንድ ሰፈር የሚኖሩባት። ባቡርም መኪናም አይደርስባትም።

«አወቅሽው?» አለኝ።

«አወቅኩት» አልኩና ጫማውን አደረግኩለት፤ ክንዱንም ይዤ ወደ ውጭ ወጣን።